የዊኒፔግ ልጆችና የተቀማው ዜማ

ዊኒፔግ የደረስኩት በጥር አጋማሽ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ እትዬ መኪና ያለው መንገድ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሃያ እርምጃ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ጋገረ፤ የሳብኩት አየርም ጉሮሮዬን እንደ ሚጥሚጣ ፋጀው። ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ነበር። እትዬ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ካናዳ ከገባች 19 ዓመቷ ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። «እንኳን ደህና መጣህ» ከማለቷ በፊት ይዛልኝ የመጣችውን ወፍራም ካፖርት ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ። አቅፋ የሳመችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ሬድ እና አሲኒቦይን የሚባሉት ሁለት ወንዞች መሃሏ ላይ ይገናኛሉ። በክረምት ግን ወንዝነታቸው ይቀርና መንገድ ይሆናሉ፤ ሰው ሕፃን በበረዶ ጋሪ እየጎተተ በላያቸው ይሄዳል። እትዬ ይህን ስታሳየኝ ኩራት ነበረባት። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ቤት ዘግታ እንዳላለቀሰች ሁሉ፣ ዛሬ ብርዱን የራሷ ሀብት አድርጋ ነው የምታስጎበኘው።

የመጣሁት እሷን ልጠይቅ ነው። ልቤ ውስጥ ግን ሌላም ጉዳይ ነበር፤ ጋሪ ጎዳና ላይ ያለ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት።

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። ካዛንቺስ ከነበረ የሲዲ ማከራያ ቤት አንድ ቅዳሜ ማታ «አስፈሪ ነው፣ ዘፈንም አለው» ተብሎ የተሰጠኝን ፊልም ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። «ፋንተም ኦፍ ዘ ፓራዳይዝ» ይላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የፓራዳይዝ መንፈስ» እንደማለት ነው፤ ፓራዳይዝ የቲያትር ቤቱ ስም ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ብራያን ደ ፓልማ፣ ዘፈኖቹን የደረሰው ፖል ዊልያምስ፣ ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1974 መጨረሻ። አየሁት። መልሼ አየሁት። ሰኞ ጠዋት ሲዲውን ስመልስ ቅጂ እንዲሸጡልኝ ለመንኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዊንስሎ ሊች የሚባል ምስኪን የሙዚቃ ደራሲ ነፍሱን ለሰይጣን ስለሸጠው ስለ ፋውስት ረጅም ድርሰት ይደርሳል። ስዋን የሚባል ገናና የሸክላ አሳታሚ ድርሰቱን «ላየው» ብሎ ያስወስድና የራሱ ያደርገዋል። ዊንስሎ ሥራውን ሊጠይቅ ሲሄድ ይደበደባል፤ ዕፅ ኪሱ ውስጥ ተከትቶበት ይታሰራል፤ እስር ቤት ጥርሶቹ ተነቅለው በብረት ይተካሉ። አምልጦ፣ ዜማው ወደሚታተምበት ፋብሪካ ገብቶ ሊያበላሽ ሲል የሸክላ ማተሚያው መኪና ፊቱን ይይዘዋል። ፊቱ ይቃጠላል፤ ድምፁም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የወፍ ምንቃር ያለው የብር ጭምብል አጥልቆ፣ በስዋን አዲስ ቲያትር ቤት ጓዳ ውስጥ እንደ መንፈስ ይኖራል። ፊኒክስ የምትባል ዘፋኝ ይወዳል፤ ዜማውን እሷ እንድትዘፍነው ሲል ከዚያው ከዘረፈው ሰው ጋር በደሙ ውል ይፈርማል። የስዋን የሸክላ ኩባንያ ምልክት በጀርባዋ የተጋደመች የሞተች ወፍ ናት።

ይህን ፊልም አይቼ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ለመናገር ስለ አንድ ጎረቤታችን ላውራ። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን አንድ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዜማ ይደርሱ ነበር። አንድ ቀን አብረን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ቴፑ ላይ አዲስ ካሴት ይጫወታል። ጋሼ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ሾፌሩን «እስቲ ድምፁን ጨምርልኝ ልጄ» አሉት። ሾፌሩ ጨመረላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ከመውረጃቸው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወረዱ። ዜማው የእሳቸው እንደነበረ፣ ካሴቱ ሽፋን ላይ ግን ስማቸው እንዳልነበረ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ከእናቴ ነው። ማን እንደወሰደባቸው እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። በዚያ ዘመን ሥራን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ መገላገል የተለመደ ነበር፤ ብዙ ደራሲ ብሩን ቆጥሮ ሲወጣ ስሙን ጭምር ትቶ ነበር የሚወጣው። የቅጅ መብት ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ሲወጣ ጋሼ በሕይወት አልነበሩም።

ስለዚህ ዊንስሎ ስዋን በር ላይ ቆሞ «የእኔ ነው» ሲል፣ እኔ የማየው ሚኒባሱን ነው።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ወደቀ። ተመልካች አጣ፤ ከሲኒማ ቤቶች ቶሎ ወረደ። ለሙዚቃው ኦስካር ቢታጭም ያ ሊያነሳው አልቻለም። በዓለም ላይ ከልብ የተቀበሉት ሁለት ከተሞች ናቸው ይባላል፤ ፓሪስ እና ዊኒፔግ። የፓሪሱ አያስደንቅም፤ ፓሪስ ሲኒማ የምትወድ ከተማ ናት። ዊኒፔግ ግን ያኔ ስድስት መቶ ሺህ እንኳ ያልሞላ ሕዝብ ያላት፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ርቃ ሜዳ ላይ የምትኖር ከተማ ነበረች። እዚህ ፊልሙ በገና ማግሥት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1974፣ ጋሪክ በሚባለው ሲኒማ ቤት ተከፈተ። ከአራት ወር በላይ ሳይወርድ ታየ፤ ከዚያም እየተመላለሰ ዓመት አለፈው። የዘፈኖቹ ሸክላ እዚህች ከተማ ብቻ ወደ 20,000 ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። ፊልሙ እዚህ የተከፈተበት ቀን በእኛ ታኅሣሥ 17፣ 1967 መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን የእድገት በኅብረት ዘማቾች ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር እየተሸኙ ነበር፤ የእትዬ ታላቅ ወንድም ከነሱ አንዱ ነበር። ይህን ስነግራት እትዬ ቀኑን ደግማ ጠየቀችኝና «እኛ ስንቅ ስንቋጥር እነዚህ ፊልም ይሰለፉ ነበር በለኛ» አለች።

የሚገርመው የተሰለፉት እነማን እንደሆኑ ነው። አዋቂዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ የአሥር፣ የአሥራ አንድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ከነዚያ ልጆች አንዷን ያገናኘችኝ እትዬ ናት። የሥራ ባልደረባዋ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሴት። ስለ ፊልሙ ለእትዬ በስልክ ደጋግሜ ሳወራት በፈረቃቸው መሃል አንስታባቸው፣ ሴትዮዋ እጃቸው ላይ የነበረውን ትሪ አስቀምጠው «ማነው የነገረሽ?» ብለዋት ነበር። እሑድ ከሰዓት እትዬ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። በላስቲክ ጠቅልለው ሸክላውን ይዘው መጡ። የሽፋኑ ጠርዝ ተላልጦ በፕላስተር ተለጣጥፏል፤ በስተጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ገና ጽሕፈት በሚለምድ እጅ፣ ስማቸው ተጽፏል። የገዙት የጎረቤት ደጃፍ በረዶ በአካፋ ጠርገው ባገኙት ገንዘብ ነው።

አቦሉን ሲጠጡ ስለ አዳራሹ ነገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ወንድማቸው አሥራ ሦስት። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣሉ። አንዴ ከገቡ አይወጡም፤ አንዱ ዕይታ ሲያልቅ ወንበራቸው ላይ ዝቅ ብለው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። ከልጆቹ ቦት ጫማ የሚቀልጠው በረዶ ወለሉ ላይ ኩሬ ይሠራል፤ አዳራሹ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። «ዛሬም እርጥብ የሱፍ ጓንት ሲሸተኝ ዘፈኑ ይመጣብኛል» አሉ። ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ እትዬ ፊት፣ ከዘፈኖቹ አንዱን በቀጭን ድምፅ አንጎራጎሩ። እትዬ ዘፈኑን ባታውቀውም ራሷን እየነቀነቀች አጀበቻቸው።

ሦስተኛው ሳይቀዳ በሳቸው መኪና ወደ ጋሪ ጎዳና ሄድን። ጋሪክ ዛሬ ፊልም አይታይበትም፤ የዝግጅት አዳራሽ ሆኗል። በሩ ተቆልፎ ነበር። ሴትዮዋ ግን የመጡት ለበሩ አልነበረም። ከመኪና ወርደው ግድግዳው ዳር ቆሙ፤ ሰልፉ ከየት ተነስቶ የት ድረስ እንደሚደርስ እየተራመዱ አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ወንድሜ ቆሞ ነበር» አሉ፤ አንዲት ጡብ ላይ ጓንታቸውን አስደግፈው። ወንድማቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ነፋሱ ከፖርቴጅና ሜይን መጋጠሚያ በኩል እየገረፈ ስለሚመጣ ብዙ መቆም አልተቻለም። ያም ሆኖ እሳቸው ቸኩለው አልተመለሱም፤ እኔም አላቻኮልኳቸው።

ለምን ዊኒፔግ? ይህን ጥያቄ ብዙዎች ጠይቀውታል፤ «ፋንተም ኦፍ ዊኒፔግ» የሚል ሙሉ ዘጋቢ ፊልም እስከመሠራት ደርሷል። ብርዱን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ። ከተማዋ ሙዚቃ የበቀለባት መሆኗንም የሚያነሱ አሉ፤ ኒል ያንግ ትምህርት ቤት የተማረው እዚህ ነው፤ ጌስ ሁ የተባለውም ባንድ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። እኔ ግን ልጆቹን ነው የማምነው። ልጅ ዕቃው ሲወሰድበት የሚሰማውን በደል የሚያክል በደል የለም፤ ማብራሪያም አይፈልግም። አዋቂ ተመልካች ፊልሙ ስንት ነገር እንዳቀላቀለ ያያል፤ የጋስቶን ለሩን የኦፔራ መንፈስ፣ ፋውስትን፣ ዶሪያን ግሬይን፣ የሂችኮክን የሻወር ቤት ትዕይንት። ሁሉንም ሲለቃቅም «ወጥ ረገጠ» ብሎ ሊተወው ይችላል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ዘፈኑን ቀሙት።

ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት በኋላ የመጣውን «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ሰው የበለጠ ያውቀዋል። እሱም አስፈሪ ሙዚቃዊ ነው፤ እሱም ሲወጣ ወድቆ ነበር፤ ከ1976 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ በእኩለ ሌሊት ሲታይ ነው የተነሳው። ተመልካቹ ተዋናዮቹን መስሎ ለብሶ ይመጣል፤ እየጮኸ መልስ ይሰጣል፤ የሠርጉ ትዕይንት ሲደርስ ሩዝ ይበትናል። እወደዋለሁ። ግን ፍቅሩ የበዓል ፍቅር ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሊሆን የሚሄድበት። የዊኒፔግ ልጆች ፍቅር ሌላ ነው። በቀን፣ ዝም ብለው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው አዩት። ከዚያ ሸክላውን ገዝተው ቤታቸውን ዘጉ። እንዲህ ያለ ፍቅር ጩኸት ስለሌለው ዕድሜው እንዴት እንደሚረዝም ማንም ልብ አይልም።

ጋሪክ ደጃፍ ቆሜ ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከተማችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «የሰይጣን ቤት» ብላ ነበር የጠራችው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ። ግድግዳ ላይ የሚራመድ ጥላ ያየ ሰው የሰይጣን ሥራ ነው ማለቱን ስንሰማ ኋላ ቀርነት አድርገን አውርተነዋል። እኔ አሁን እንደዚያ አላየውም። ደ ፓልማም ከብዙ ዓመት በኋላ የመዝናኛ ቤቱን ባለቤት ከሰይጣን ጋር አዋዋለው፤ ስዋን ራሱ ወጣትነቱን በፊልም ክር ላይ አሳትሞ ነፍሱን የሸጠ ሰው ነው። ፊልሙ እስካለ አያረጅም፤ ፊልሙ ሲቃጠል ፊቱ አብሮ ይበሰብሳል። አያቶቻችን የፈሩት ነገር ውስጥ የሚፈራ ነገር ነበረ።

ማታ እትዬ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሦስታችንም ፊልሙን ሳሎን ተቀምጠን አየነው። እሷ ገና ማየቷ ነው። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ አካባቢ ጩኸቱ አልጣማትም። ከዚያ ያ ክፍል ደረሰ።

ያ ክፍል የድምፅ መቅጃው ክፍል ነው። ጭምብል ያጠለቀው ዊንስሎ በሽቦ ተተብትቦ በማሽን ግድግዳ ተከቦ ተቀምጧል። ማሽኑ የፊልም ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቶንቶ የሚባል፣ ያኔ በዓለም ትልቁ ከሚባሉት አንዱ የሆነ እውነተኛ ሲንተሳይዘር ነው፤ ስቲቪ ወንደር ሸክላዎቹን የሠራበት። ከመስታወቱ ማዶ ስዋን አለ። ዊንስሎ ሊዘፍን ይሞክራል፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ግን የተሰነጠቀ ጣዕር ነው። ስዋን አንዱን ቁልፍ ያዞራል። ጣዕሩ ትንሽ ይጠራል። ሌላ ያዞራል። ይለሰልሳል። እንደገና ያዞራል፤ በድንገት ንጹሕ፣ ኀዘን ያለበት የሰው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል።

ሴትዮዋ ይህን ጊዜ የእትዬን ክንድ ያዝ አድርገው፣ አሁን የሚዘፍነው ድምፅ የማን እንደሆነ ነገሯት። ስዋንን ሆኖ የሚተውነው ፖል ዊልያምስ ራሱ ነው፤ የዘፈኖቹ ደራሲ። ዊንስሎን የሚጫወተው ዊልያም ፊንሊ ፊቱ ሳይቃጠል በፊት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን የሰማነው በራሱ ድምፅ ነበር። ከዚህ ክፍል በኋላ ግን የተዘረፈው ሰው የሚዘፍነው በዘራፊው ድምፅ ነው። ፊልሙ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ያስቀምጠዋል ብቻ። እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ድምፁን ቀምቶ የራሱን አበደረው» አለች በአማርኛ። ለሴትዮዋ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ መልስ አልሰጡም። ሃምሳ ዓመት ያዩትን ፊልም እንደ አዲስ ነበር የሚያዩት።

ደ ፓልማ የዚህን ፊልም ሐሳብ ያገኘው ሊፍት ውስጥ የቢትልስን ዘፈን ለማጀቢያ ተለሳልሶ ሲሰማ እንደሆነ ተናግሯል። የተጨነቀበት ነገር ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አይደለም ያለው። የዊንስሎን ዜማ መጀመሪያ የባሕር ዳርቻ ዘፈን አድርገው ይጫወቱታል፤ ኋላ ደግሞ የሬሳ ሣጥን እያመላለሱ ይጮኹታል። መጨረሻ ላይ መድረክ ላይ ሰው በእውነት ሲሞት ታዳሚው የትርኢቱ አካል መስሎት እየጨፈረ ያልፈዋል። ይህ ትዕይንት በተሠራበት ዘመን የተጋነነ መስሎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስልኩን አውጥቶ የሰው አደጋ የሚቀርጽ ሕዝብ መሃል ለምንኖር ግን አልተጋነነም።

የወደቀው ፊልም ዘሩ አልጠፋም። ዳፍት ፓንክ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች በወጣትነታቸው አብረው ከሃያ ጊዜ በላይ እንዳዩት ተናግረዋል። ጭምብል አጥልቀው ፊታቸውን ደብቀው በመላው ዓለም ከገነኑ በኋላ፣ በ2013 ባወጡት አልበም ላይ ፖል ዊልያምስን ጠርተው አዘፈኑት፤ አልበሙ በማግሥቱ ዓመት የግራሚን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ዊኒፔግም አልረሳችም። አድናቂዎች ራሳቸው አደራጅተው በ2005 ጋሪክ ውስጥ በዓል አደረጉ፤ ከተዋናዮቹ ዊልያም ፊንሊና ጌሪት ግርሃም መጡ። በማግሥቱ ዓመት ፖል ዊልያምስ መጥቶ ዘፈነላቸው። ሴትዮዋ ሁለቱም ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛው ወንድማቸውም አብሯቸው ነበር። ዊልያም ፊንሊ በ2012 አረፈ።

ስለ ፖል ዊልያምስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያ ዜማ ቀማኛውን ሆኖ የተወነው ሰው በ2009 አስካፕ የተባለው የአሜሪካ የዜማና ግጥም ደራሲያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የማኅበሩ ዋና ሥራ ዘፈኑ በተጫወተ ቁጥር ለደራሲው የሚገባውን ክፍያ መሰብሰብ ነው። ይህን ሳነብ ጋሼን አሰብኳቸው፤ የቴፑ ድምፅ ሲጨመር፣ እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ጣታቸውን እንደ አኮርዲዮን ቁልፍ ሲያንቀሳቅሱ።

እትዬ ያን ዕለት ሥራ አሥር ደቂቃ ዘግይታ ገባች። ሴትዮዋ ሸክላውን መልሰው በላስቲኩ ጠቅልለው ወሰዱት።

ፊልሙ 92 ደቂቃ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ካገኘኸው ወይም ካገኘሽው፣ መጀመሪያ ላይ ይጮሃል፣ ይንጫጫል፤ ለማጥፋት አትቸኩሉ። እስከ ድምፅ መቅጃው ክፍል ድረስ ብቻ ጠብቁት። ቤታችሁ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ካለ፣ ከደሙ ትዕይንት ፊት ዓይኑን እንደምትሸፍኑለት እያረጋገጣችሁ፣ አጠገባችሁ አስቀምጡት።